ሆርሞኗ ሦስት እጥፍ ጨመረ የተባለችው ልጅና ሌሎች ጥያቄዎች

ሰላም ጤና ይስጥልን። በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱ ስለ አንድ በሽታ ስለሆኑ አንድ ላይ ላድርጋቸው ብያለሁ። በሽታው ሲኤኤች ይባላል፣ ኩላሊት ጫፍ ላይ የሚቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች ኮርቲዞል በደንብ መስራት አቅቷቸው የሚመጣ፣ ልጁ ከእናት ካባቱ ወርሶ ይዞት የሚወለደው ነገር ነው። ከመቶ ታማሚ ከ90 በላይ የሚሆኑት ላይ የሚጎድለው 21-ሃይድሮክሲሌዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። እሱ ሲጎድል ከሱ በፊት ያለው ጥሬ ዕቃ ይከማቻል፣ ስሙም 17-ኦኤችፒ ነው፣ የተከማቸው ደሞ መሄጃ ሲያጣ ወደ ወንዴ ሆርሞን ይዞራል። ላብራቶሪ ላይ የምትሰሙት ቁጥር በአብዛኛው የዚህ 17-ኦኤችፒ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ስራዬ ላብራቶሪ ነው፣ ዶዝ የሚወስነው ሐኪማችሁ ነው። ወረቀት ማንበብ ግን ስራዬ ስለሆነ እሱን እናንብብ።

ጥያቄ፦ «እንዴት ናችሁ አዘጋጆች። የ6 ዓመት ልጅ አለችኝ፣ ሲኤኤች አለባት፣ ከተወለደች ጀምሮ መድሃኒት ላይ ናት። ሃይድሮኮርቲዞን ስላጣን ካለፈው ክረምት ጀምሮ ፕሬድኒሶሎን ነው የምትወስደው፣ ፍሉድሮኮርቲዞኑን ዘመድ ከውጭ ይልክልናል። ጥር ላይ 17-ኦኤችፒዋ 14 ነበር፣ አሁን ሚያዝያ ላይ ሌላ ላብራቶሪ አሰራን 42.4 መጣ። ያየልን ሰው ሦስት እጥፍ ጨምሯል መድሃኒቱ ከፍ ይበል አለ። እኔን ግራ ያጋባኝ ደሞ እዛው ወረቀት ላይ ኮርቲዞሏ ኖርማል ነው ይላል፣ እህቴ ኮርቲዞሏ ኖርማል ከሆነማ ድናለች ለምን አታቆሚላትም ትለኛለች። ወረቀቶቹን በፎቶ ልኬያለሁ።» እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ መድሃኒቱን እንዳታቆሚ። ሌላውን ሁሉ ቀስ ብለን እናየዋለን ይሄን ግን በመጀመሪያ ልበል፣ በአንድ ጊዜ ከተቋረጠባት ህይወቷን የሚያሳጣ ነገር ነው።

ወረቀቶቹን አየኋቸው። የጥር ወሩ ላይ ከ14 ቀጥሎ በትንሹ የተጻፈው ናኖግራም በሚሊሊትር ነው፣ የሚያዝያው ላይ ደሞ ናኖሞል በሊትር ይላል። ለ17-ኦኤችፒ አንዱን ወደ ሌላው ለመቀየር በ3.03 ነው የሚባዛው። 14ን በ3.03 አባዢው፣ 42.4 ይመጣልሻል። ይኸው ነው! ሦስት እጥፍ የጨመረው ዩኒቱ እንጂ ልጅሽ ላይ ያለው ሆርሞን አይደለም። ሌላ ቦታ ብታሰሪው ደሞ በዴሲሊትር የሚጽፉ አሉ፣ እዛ ያው 14 መጠን 1400 ሆኖ ይመጣና ቤተሰቡ በሙሉ ሲያለቅስ ያድራል። በዚህ የተነሳ ዶዝ ከፍ ሊል ነበር ማለት ነው፣ የሚያናድደኝ እሱ ነው፣ ዩኒቱ እኮ ከቁጥሩ ጎን ነው የተጻፈው።

ከቁጥሩ በስተቀኝ ያለው የኖርማል መጠን የሚለው ዓምድ ደሞ የጤነኛ ልጅ መጠን ነው። ሲኤኤች ያለባት ልጅ መድሃኒቷን በትክክል እየወሰደችም 17-ኦኤችፒዋ ከዛ በላይ መሆኑ የሚጠበቅ ነው። የኢንዶክሪን ሐኪሞች ማህበር በ2018 ያወጣው መመሪያም 17-ኦኤችፒን ጭራሽ ኖርማል ካላደረግን ብላችሁ አትታገሉ ይላል፣ ምክንያቱም ኖርማል እስኪሆን መድሃኒት ከተጨመረ ልጅቷ ትወፍራለች፣ ቁመቷ ይቆማል፣ ደም ግፊት ሊመጣ ይችላል። ሐኪሙ ከዚህ ቁጥር ጋር አንድሮስቴንዲዮን የሚባለውን የወንዴ ሆርሞን ዓይነት፣ የቁመቷን መስመር፣ አልፎ አልፎም የእጇን ራጅ አይቶ የአጥንት ዕድሜዋን ማመዛዘን አለበት። ቁመቷ በዕድሜዋ ልክ እየሄደ፣ የአጥንት ዕድሜዋ ካልቀደመ፣ አንድ ከፍ ያለ 17-ኦኤችፒ ብቻውን ብዙ አያስደነግጥም።

ሰዓቱ ደሞ አለ። የጥር ወሩ ወረቀት ላይ ደሙ የተቀዳው ጠዋት 2፡15 ይላል፣ የሚያዝያው ላይ ግን የሰዓቱ ቦታ ባዶ ነው። አድሬናልን የሚያዘው ኤሲቲኤች ሊነጋጋ ሲል ነው የሚያይለው፣ ስለዚህ 17-ኦኤችፒ ጠዋት መድሃኒት ከመዋጡ በፊት ጣሪያ ይነካል፣ ከተዋጠ በኋላ ባሉት ሰዓታት ይወርዳል። ያው ልጅ ያው ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ላይና ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ብትቀዳ ሁለት የተለያየ ሰው ትመስላለች። አንዳንድ ሐኪሞች ከመዋጧ በፊት ይፈልጉታል፣ አንዳንዶቹ ከዋጠች ከ2 ሰዓት በኋላ፣ የቱንም ይምረጡ ብቻ ሁሌም አንድ ዓይነት ይሁን። ሁለት ነገር ደብተርሽ ላይ ብቻ ሳይሆን የምርመራ ማዘዣው ላይም ይጻፍ፦ የመጨረሻውን ኪኒን ስንት ሰዓት ምን ያህል ወሰደች፣ ደሙ ስንት ሰዓት ተቀዳ። ነርሷ ካልጻፈች አንቺ በእስክሪብቶ ጻፊው፣ ማንም አይቆጣሽም።

አሁን ወደ ኮርቲዞሉ። እህትሽ አሳቢ ናት ግን እዚህ ላይ ተሳስታለች። ብዙ ላብራቶሪዎች ኮርቲዞልን የሚለኩት በኢሚዩኖአሴይ ነው፣ ማለትም አንቲቦዲ የሚባል ፕሮቲን የሚፈለገውን ሞለኪውል በቅርጹ ለይቶ እንዲይዝ በማድረግ ነው፣ ፕሬድኒሶሎን ደሞ በቅርጹ ኮርቲዞልን በጣም ስለሚመስል ማሽኑ ኪኒኑን ኮርቲዞል ነው ብሎ ይቆጥረዋል። ሃይድሮኮርቲዞን ብትወስድም ነገሩ ያው ነው፣ እንዲያውም ሃይድሮኮርቲዞን ማለት ራሱ ኮርቲዞል ስለሆነ ማሽኑ የሚለካው የዋጠችውን ነው። ወረቀቱ ላይ ኖርማል ያለው ኮርቲዞል ከልጅሽ ዕጢ የወጣ ሳይሆን አንቺ ጠዋት በማንኪያ የሰጠሻት ነው ማለት ነው። መድሃኒት ላይ ላለች ልጅ ኮርቲዞል ማሰራቱ ራሱ ብዙ ጥቅም የለውም፣ ብር ማውጣት ካለብሽ 17-ኦኤችፒና አንድሮስቴንዲዮን ይሁን፣ ለጨው በኩል ደሞ (ፍሉድሮኮርቲዞን የምትወስደው በሽታው ሰውነቷን ጨው ስለሚያሳጣት ነው) ሶዲየም ፖታሲየምና ከተገኘ ጨው ሲጎድል ከፍ የሚለው ሬኒን።

ፕሬድኒሶሎኑን በተመለከተ ሐኪምሽን አንድ ነገር ጠይቂው። በማደግ ላይ ላለ ልጅ የሚመረጠው ሃይድሮኮርቲዞን በቀን ሦስቴ ተከፍሎ ነው፣ ምክንያቱም ፕሬድኒሶሎን ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ዕድገት ላይ ይጫናል፣ ከሃይድሮኮርቲዞን ጋርም ሚሊግራም በሚሊግራም አይመነዘርም። ሃይድሮኮርቲዞን የለም ሲባል ሌላ ምርጫ እንደማይኖር አውቃለሁ፣ ብቻ የተገኘ ቀን ልመለስ ወይ በይው። ትኩሳት ሲይዛት ዶዙ ለጥቂት ቀን ሁለት ወይ ሦስት እጥፍ እንደሚሆን፣ ካስመለሳት ደሞ የሃይድሮኮርቲዞን መርፌ እንደምትወጋ ነግረውሽ መሆን አለበት፣ በእሷ ዕድሜ 50 ሚሊግራም ነው። ካልነገሩሽ ነገ ሳይሆን ዛሬ ሄደሽ አስጽፊው።

ጥያቄ፦ «የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። 5 ቀኑ የሆነ ሕፃን 17-ኦኤችፒ በኛ ማሽን በጣም ከፍ ብሎ ወጣ። ያንኑ ሴረም ውጭ ልከን በኤልሲ-ኤምኤስ (ሞለኪውልን በክብደቱ በሚለይ ማሽን) ሲሰራ የኛን ግማሽ እንኳን አልሞላም። ኪውሲያችን (የማሽኑ የጥራት ቁጥጥር) ጥሩ ነው። ኪቱ ነው ማሽኑ ነው ወይስ እኔ?» ከባህር ዳር

መልስ፦ ወንድሜ አንተም አይደለህም ማሽኑም አልተበላሸም። ኪውሲህ ጥሩ የሆነው ኪውሲው ከትልቅ ሰው ሴረም የተሰራ ስለሆነ ነው፣ የ5 ቀን ሕፃን ሴረም ግን ሌላ ዓለም ነው። ማህፀን ውስጥ እያለ የሚሰራው የአድሬናሉ ክፍል ገና አልጠፋም፣ ደሙ ውስጥ ሰልፌት የተንጠለጠለባቸው ስቴሮይዶች ሞልተዋል፣ በተለይ 17-ሃይድሮክሲፕሬግኔኖሎን ሰልፌት። ያንተ ኪት ውስጥ ያለው አንቲቦዲ ሰውን በፊቱ ብቻ እንደሚለይ ዘበኛ ነው፣ ወንድማማቾች ሲመጡበት ሁሉንም አንድ ሰው ነው ብሎ ያስገባል። ለዚህ ነው የሕፃን ሴረም በኦርጋኒክ ሶልቨንት መጀመሪያ ኤክስትራክት ተደርጎ ከዛ ይለካ የሚባለው፣ ሰልፌቶቹ ውሃው ውስጥ ይቀራሉ፣ 17-ኦኤችፒ ወደ ሶልቨንቱ ይሻገራል። የኪትህን ወረቀት አንብብ፣ ክሮስ ሪአክቲቪቲ የሚል፣ አንቲቦዲው የትኞቹን ሌሎች ሞለኪውሎች አብሮ እንደሚቆጥር የሚያሳይ ሰንጠረዥ አለው፣ ማንም የማያነበው ገጽ እሱ ነው።

ኤልሲ-ኤምኤስ አንቲቦዲ አያስፈልገውም፣ ሞለኪውሉን ኮለን በሚባል ቱቦ ለይቶ ከዛ በክብደቱ ይመዝነዋል። ግን እሱም ተአምር አይደለም። 17-ኦኤችፒና 11-ዲኦክሲኮርቲኮስቴሮን ሁለቱም 330.5 ነው የሚመዝኑት። 21-ዲኦክሲኮርቲዞል፣ 11-ዲኦክሲኮርቲዞልና ኮርቲኮስቴሮን ሦስቱም 346.5። ኮለኑ በደንብ ካልለያያቸው ሚዛኑ ብቻውን ሊያምታታ ይችላል። እነዚህን መለየት ደሞ ለወጉ አይደለም። 21-ዲኦክሲኮርቲዞል ከፍ ካለ የ21-ሃይድሮክሲሌዝ ጉድለት ነው ለማለት ከ17-ኦኤችፒ ይልቅ የጠራ ምስክር ነው፣ 11-ዲኦክሲኮርቲዞል በጣም ከፍ ካለ ግን የጎደለው 11-ቤታ ሃይድሮክሲሌዝ ነው፣ ይሄኛው ላይ 17-ኦኤችፒ መጠነኛ ከፍታ ብቻ ያሳይና ልጁ ጨው ከማጣት ይልቅ ደም ግፊት ይዞት ይመጣል። እስራኤል ውስጥ ከሞሮኮ በመጡ አይሁዶች ላይ በብዛት የታየው እሱ ነው።

በነገራችን ላይ የድሮዎቹ ከኛ የባሰ ነበር የሚቸገሩት። ላውሰን ዊልኪንስ በ1950 ባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ውስጥ ኮርቲዞን መስጠት ሲጀምር መድሃኒቱ መስራቱን የሚያውቀው የ24 ሰዓት ሽንት ተጠራቅሞ 17-ኬቶስቴሮይድ (የወንዴ ሆርሞን ስብርባሪ) ሲለካለት ነው። ከትንሽ ልጅ የ24 ሰዓት ሽንት አጠራቅም የተባለ ሰው ያውቀዋል። ከዛ ሮዛሊን ያሎው በሬዲዮኢሚዩኖአሴይ (ሆርሞንን በጨረራማ ምልክትና በአንቲቦዲ በሚለካው ዘዴ) በ1977 ኖቤል ወሰደች፣ በዛው ዓመት ደሞ ሶንግጃ ፓንግና ባልደረቦቿ ከሕፃን ተረከዝ ወረቀት ላይ በተንጠባጠበ ደም 17-ኦኤችፒ መለካት እንደሚቻል አሳዩ። መጀመሪያ ከተሞከረባቸው መሀል ዩፒክ የሚባሉት የአላስካ ነባር ሕዝቦች አሉበት፣ እነሱ ጋ ከ280 ልጅ በአንዱ ገደማ የሚታይ በሽታ ስለሆነ። ሌላው ዓለም ላይ ከ15 ሺህ አንድ አካባቢ ነው።

አንድ ነገር ግን፣ ያ ሕፃን እያስመለሰ ከሆነ ውጭ የተላከውን ውጤት ማንም ቁጭ ብሎ እንዳይጠብቅ። ኤሌክትሮላይት (ሶዲየምና ፖታሲየም) ያንተ ማሽን ላይ በደቂቃ ይወጣል። ሴቶቹ ላይ ብልታቸው የተለየ ስለሚሆን ገና ሲወለዱ ይጠረጠራል፣ ወንዶቹ ግን ምንም አይታይባቸውም፣ በሁለተኛው ሦስተኛው ሳምንት ማስመለስ ጀምረው ሰውነታቸው ሲደርቅ ነው የሚመጡት፣ ኢንፌክሽን ነው ወይ የጨጓራ መውጫ ጠቧል ይባላል። የጨጓራ መውጫ ሲጠብ ፖታሲየም ወደ ታች ነው የሚሄደው። ሶዲየም ወርዶ ፖታሲየም ከወጣ ግን ስልክ አንሳና ሐኪሙን ጥራው፣ ሪፖርቱን ትሪ ላይ አስቀምጠህ አትሂድ። ደግሞ ኤሲቲኤች ከታዘዘልህ በኢዲቲኤ ቱቦ በረዶ ላይ ይምጣ ቶሎም ይለይ፣ 17-ኦኤችፒ እንደሱ ተበላሺ አይደለም።

ጥያቄ፦ «ልጄ እዚህ ሪያድ ከእኛ ጋር ነው፣ 4 ዓመቱ ነው፣ መርፌ ሲያይ ሆስፒታሉን ያናውጠዋል። በምራቅ ይቻላል የሚል ሰምቼ ነበር እውነት ነው?» አባት፣ ከሪያድ

መልስ፦ እውነት ነው። 17-ኦኤችፒና አንድሮስቴንዲዮን በምራቅ ይለካሉ፣ አውሮፓ ውስጥ ቤት ሆነው ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ምራቅ ቱቦ ውስጥ እየሰበሰቡ የሚልኩ ቤተሰቦች አሉ፣ ጥቅሙም ከአንድ ነጥብ ይልቅ የቀኑን ሙሉ መልክ ማሳየቱ ነው። ከጣት ተወግቶ ወረቀት ላይ የሚንጠባጠበውም አለ። ችግሩ ሁሉም ላብራቶሪ አይሰራውም፣ ሳምፕሉን የሚቀበልህን ላብራቶሪ አስቀድመህ ጠይቅና ሁሌም እዛው አሰራ፣ የምራቅ ቁጥር ከደም ቁጥር ጋር አይወዳደርም። ልጁ ከመስጠቱ በፊት ምግብ አይብላ፣ ጥርሱን አይፋቅ፣ ድዱ ከደማ ይቅር። ኪኒኑ አፉ ውስጥ ከቀረ ኮርቲዞሉን ያበላሸዋል፣ ግን ኮርቲዞሉን አትፈልገውም ብለናል።

ጥያቄ፦ «የልጅ ልጄ በ31 ሳምንቱ ተወለደ፣ ሆስፒታል ነው ያለው። ከስቴቱ የሕፃናት ምርመራ ተደውሎ የአድሬናል ሆርሞኑ ከፍ ብሏል ተባለ። ልጄ እንቅልፍ አጥታለች። በኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።» አያት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ እናቴ፣ እንኳን ማርያም ማረቻቸው። እዛ አገር እያንዳንዱ ሕፃን ተረከዙ ተወግቶ ይሄ ምርመራ ይሰራለታል፣ ሁሉም ስቴት ላይ ግዴታ ነው። ያለቀኑ የተወለደ ሕፃን ላይ ይሄ ቁጥር ከፍ ማለቱ በጣም የተለመደ ነው፣ አንድም የሕፃኑ አድሬናል ገና ስላልበሰለ፣ አንድም ከላይ ለባህር ዳሩ ባለሙያ እንዳልኩት ማሽኑ ሌሎቹንም አብሮ ስለሚቆጥር፣ አንድም ሕፃኑ በመታመሙ ሰውነቱ ስለተጨነቀ። ለዚህ ብለው ቁጥሩን በክብደት ወይ በሳምንት ከፋፍለው ነው የሚያዩት፣ እንደዛም ሆኖ ከሚደወልላቸው ቤተሰቦች የአብዛኞቹ ልጅ በሽታው የለበትም። አንዳንድ ስቴቶች ሁለተኛ ዙር በኤልሲ-ኤምኤስ ያደርጋሉ፣ 17-ኦኤችፒና አንድሮስቴንዲዮንን ደምረው ለኮርቲዞል ያካፍሉታል፣ በዛ ብዙ የውሸት ማስጠንቀቂያ ይወድቃል።

ግን ስልኩን ችላ አትበሉት። ልጅዎ ሦስት ነገር ትጠይቅ፦ ሁለተኛ ደም ተወስዷል ወይ፣ በኤልሲ-ኤምኤስ ነው ወይ የሚሰራው፣ ሶዲየምና ፖታሲየሙ ዛሬ ስንት ነው። ሆስፒታል ተኝቶ በየጊዜው ደም እየታየለት ስለሆነ ቤት ካለ ሕፃን ይሻላል፣ የጨው መውረድ ቢጀምር እንኳን ቶሎ ይታያል። በዘራችን የለም ላሉት ደሞ፣ ይሄ በሽታ የሚመጣው አባትም እናትም አንድ አንድ የተበላሸ ጂን ሲይዙ ነው፣ እነሱ ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ፣ ልጁ ላይ ከአራት አንድ ዕድል ነው። ስለዚህ አለመሰማቱ ነፃ አያደርግም፣ መገኘቱም የማንም ጥፋት አይደለም፣ የአማችዎን ወገን እንዳያሙ።

ጥያቄ፦ «26 ዓመቴ ነው። ፔሬዴ ይዘባረቃል፣ አገጬ ላይ ፀጉር ይበቅላል፣ የራሴ ፀጉር ደሞ ይረግፋል። ሐኪሟ 17-ኦኤችፒ አዘዘች 8.8 ናኖሞል በሊትር መጣ፣ ቴስቶስቴሮኔም ከፍ ብሏል። ቀላሉ ዓይነት ሲኤኤች ሊኖርብሽ ይችላል አለችኝ። የምወስደው መድሃኒት የለም፣ የፀጉር ቫይታሚን ብቻ።» ከቴል አቪቭ

መልስ፦ እህቴ፣ «ብቻ» ያልሽው ላይ ልቁም። የፀጉር ቫይታሚን ጠርሙስ ገልብጠሽ ጀርባውን አንብቢው፣ ባዮቲን 5 ሺህ ወይ 10 ሺህ ማይክሮግራም የሚል ይኖራል። ሰው በቀን የሚያስፈልገው 30 ማይክሮግራም አካባቢ ነው። ብዙ የሆርሞን ማሽኖች የሚሰሩት ባዮቲንና ስትሬፕታቪዲንን በማጣበቅ ስለሆነ ደምሽ ውስጥ የተትረፈረፈው ባዮቲን ቦታውን ይይዝባቸዋል፣ ስቴሮይድ ላይ ደሞ በአብዛኛው ውጤቱን የሚገፋው በውሸት ወደ ላይ ነው። የአሜሪካው የመድሃኒት ተቆጣጣሪ በ2017 ስለዚህ ነገር ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ቢያንስ ሦስት ቀን አቁመሽ ተመለሺ፣ ለላብራቶሪውም ንገሪያቸው። በኤልሲ-ኤምኤስ ከተሰራ ባዮቲን አያገባውም፣ የሴት ቴስቶስቴሮን ደሞ መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ኢሚዩኖአሴይ እሱ ላይ ድሮም ደካማ ነው፣ ከቻልሽ ሁለቱንም በኤልሲ-ኤምኤስ አሰሪ።

ቀጥሎ ደሙ የተቀዳው ፔሬድሽ በመጣ በስንተኛው ቀን ነው? ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀንና ፔሬድሽ የመጣበት ብለሽ የጻፍሽልኝን ቀን ሳሰላው 22ኛው ቀን ገደማ ነው የሚመጣው። ዕንቁላል ከወጣ በኋላ ኦቫሪ ራሱ 17-ኦኤችፒ ይሰራል፣ በዛ ሳምንት ጤነኛ ሴት ላይ 8.8 አካባቢ ሊደርስ ይችላል። ትክክለኛው ፔሬድ በመጣ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው፣ ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ ነው (እዛ በሰዓታችሁ 8 ሰዓት መሆኑ ነው)። ያኔ ከ6 በታች ከሆነ ነገሩ በአብዛኛው ያበቃል፣ ሐኪሟ ፒሲኦኤስን (ኦቫሪ ላይ ብዙ ትንንሽ ከረጢት የሚታይበትን የሆርሞን መዛባት) ወደ ማየት ትሄዳለች። ከ6 በላይ ሆኖ 30 ካልደረሰ የኤሲቲኤች ማነቃቂያ ምርመራ ይደረግልሻል፣ 250 ማይክሮግራም በመርፌ ተሰጥቶ መጀመሪያና ከ60 ደቂቃ በኋላ ደም ይቀዳል፣ ከዛ በኋላ 30ን ካለፈ ነው ቀላሉ ዓይነት የሚባለው። እዛ አገር ሐኪሞች ይሄን ዓይነት ቶሎ የሚጠረጥሩት በአሽከናዚዎች ዘንድ ስለሚበዛ ነው፣ ቢገኝብሽም እንደ አዳማዋ ልጅ ጨው የሚያሳጣው ዓይነት አይደለም፣ መድሃኒት የማያስፈልጋቸውም ብዙ ናቸው። ቀጠሮውን ፔሬድሽ በመጣ ዕለት ደውለሽ ያዢ፣ ቫይታሚኑን ግን ከዛሬ ጀምሮ ተዪው።